«እርጅና ነው» የሚባል በሽታ የለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ትንሽም ቁጣ አለበት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በቅርቡ አንዲት የ71 ዓመት እናት ወደ እኔ ተልከው መጡ። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። አጥንቱን ያከመው ሐኪም ጀሶ ካሰረላቸው በኋላ ግፊታቸውን አይቶ ደንግጦ ነው የላካቸው። እኔም ስለካው 192 በ104 ነበር። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው ባልተጎዳው እጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ስድስት ጠርሙስ። ኮላጅን፣ ኦሜጋ 3፣ ሬስቬራትሮል፣ መልቲቫይታሚን፣ ኤንኤምኤን የሚባለው በቅርቡ የገነነ እንክብል፣ ደግሞ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባል አንድ ሌላ። አንደኛው ላይ «ሴሎችን ከውስጥ ያድሳል» ተብሎ ተጽፎበታል።

«የግፊት ኪኒንዎስ?»

«እሱን ከተውኩት ሰባት ወር ሆነኝ ልጄ። ምንም አያመኝም እኮ። ደግሞ ኪኒን ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል አሉኝ። ይሄኛው ይሻላል ብላ ልጄ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ።»

ልጅቷን እዚያው ሆነን ደወልንላት። ከሌሊት ሥራ ገብታ ልትተኛ ስትል ነው ያገኘናት። እናቷን የምትወድ፣ ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ስለ ውድቀቱ ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ መውደቁም መርሳቱም ያው እርጅና ነው አይደል? እኔ እርጅናውን ትንሽ ቢያዘገይላት ብዬ ነው የላክሁት።»

ይህችን ንግግር ልብ በሏት። ሁለት ውሸቶች አንድ ላይ ተጣብቀው አሉባት። አንደኛው «እርጅና ነው፣ ምንም አይደረግም» ይላል። ሁለተኛው «እርጅናን በጠርሙስ ማቆም ይቻላል» ይላል። የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ግን አብረው ነው የሚኖሩት፤ አንደኛው ለሌላኛው ገበያ ይከፍትለታል። መታከም የሚችለውን ሕመም «ዕድሜ ነው» ብለን ስንተወው፣ ባዶ የቀረውን ቦታ የጠርሙሱ ነጋዴ ይሞላዋል። ዛሬ ሁለቱንም ልሟገታቸው ነው። ልጅቷን ግን አይደለም፤ እሷ የታለለች ናት።

መጀመሪያ ለሳይንሱ ክብሩን እንስጠው፤ ስለ እርጅና የሚደረገው ምርምር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ኬንየንና ባልደረቦቿ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በምትሆን ትል ላይ ዳፍ-2 የሚባል አንድ ጂን ሲለወጥ የትሏ ዕድሜ በእጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። አንድ ጂን ብቻ! ከዚያ በፊት ብዙ ሰው እርጅናን እንደ ጫማ ማለቅ ነበር የሚያየው። በ2009 ደግሞ ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። አስገራሚው መድኃኒቱ የተጀመረላቸው በ600 ቀናቸው፣ ማለትም በሰው ሲሰላ ወደ 60 ዓመት ገደማ ሆኗቸው መሆኑ ነው። በ2013 የወጣ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ የእርጅናን መለያ ምልክቶች በ9 ከፍሎ አስቀመጠ፤ በ2023 ደራሲዎቹ ራሳቸው ወደ 12 አሳደጓቸው። የዘረመል ጉዳት መከማቸት፣ የክሮሞዞም ጫፎች ማጠር፣ መከፋፈል ያቆሙ ግን ያልሞቱ ሴሎች፣ ሥር የሰደደ ብግነት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እኔም እነዚህን ጽሑፎች እንደ ልብ ወለድ ነው የማነባቸው።

ግን ትሏ እናታችሁ አይደለችም። አይጧም ብትሆን በንጹሕ ጎጆ፣ በተመጠነ ምግብ፣ ጉንፋን የያዘው የልጅ ልጅ ሳይስማት የምትኖር ናት። ያ ራፓማይሲን ደግሞ በሰው ሕክምና ሥራው ሌላ ነው፤ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች አዲሱን ኩላሊት ሰውነታቸው እንዳይገፋው የመከላከል አቅማቸውን ለማዳከም ይሰጣል። አፍ ያቆስላል፣ ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ብራያን ጆንሰን የሚባለውን አሜሪካዊ ሀብታም በቲክቶክ ያላየው ያለ አይመስለኝም። ላለማርጀት በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ይነገርለታል። እሱ እንኳ ራፓማይሲንን ለዓመታት ከወሰደ በኋላ በ2024 ትቶታል። ከገዛ ልጁ የተቀዳ የደም ውሃ በሥሩ አስገብቶም ጥቅም አላየሁበትም ብሎ አቁሟል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከወጣት የሚወሰድ የደም ውሃ ለእርጅና እንደማይረዳና አደጋ እንዳለው ያስጠነቀቀው ቀደም ብሎ በ2019 ነበር።

አሁን ከስድስቱ ጠርሙሶች አንዱን፣ ሬስቬራትሮልን እንክፈተው። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በእርሾና በአይጥ ላይ የተገኙ ውጤቶች ዓለምን አነጋገሩ። በ2008 ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው ትልቁ መድኃኒት አምራች ይህን ሐሳብ የያዘችውን ሰርትሪስ የምትባል አነስተኛ ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2013 ዘጋው። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ፣ በሦስት ቤተ ሙከራዎች ተደጋግሞ የሚካሄደው የአይጦች ፈተናም ሬስቬራትሮል የጤነኛ አይጥ ዕድሜ እንደማያራዝም አሳየ። 720 ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሰው ትቶት ሄደ፤ ጠርሙሱ ግን ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ኦሜጋ 3ስ? ቫይታሚን ዲስ? ቫይታል የተባለው ትልቅ ጥናት 25,871 አሜሪካውያንን ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በጤነኛ ሰው ላይ ቫይታሚን ዲም ሆነ ኦሜጋ 3 ካንሰርንም ሆነ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በጉልህ አልቀነሱም። መልቲቫይታሚንን በተመለከተ በ2024 የወጣው ትንታኔ ወደ 390,000 የሚጠጉ ጤነኛ ሰዎችን ከ20 ዓመት በላይ ያየ ነው፤ በየቀኑ የሚወስዱት ከማይወስዱት የተሻለ ዕድሜ አልኖሩም።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ በተለይ ወላጆች። ይህን አንብባችሁ ለነፍሰ ጡር የታዘዘውን አይረንና ፎሊክ አሲድ፣ ለሕፃን የታዘዘውን ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 ያነሰው ሰው የሚወጋውን መርፌ እንዳታቋርጡ። የጎደለውን መሙላት ሕክምና ነው። እኔ የምቃወመው ያልጎደለውን ሰው «ትታደሳለህ» ብሎ መሸጥን ነው።

«ከአሜሪካ እኮ ነው የመጣው፣ እዚያ ቁጥጥር አለ» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውና፦ በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ሰፕልመንት የሚባሉ ምርቶች ከመድኃኒት ለይቶ ያያቸዋል። አምራቹ ለገበያ ከማቅረቡ በፊት «ይሠራል» የሚለውን ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። «በሽታ ይፈውሳል» ማለት አይችልም፤ «የሴል ጤናን ይደግፋል» ማለት ግን ይችላል። ይህች ዓይነት አነጋገር በእኛ ቋንቋ ስትተረጎም «ያድሳል» ትሆናለች። ያ ሰባት ወር የተቋረጠው ርካሹ አምሎዲፒን ግን በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ነው ፋርማሲ የገባው።

ንግዱ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1889 ፓሪስ ውስጥ ብራውን-ሴካር የተባለ የ72 ዓመት ታላቅ ፕሮፌሰር፣ ለነርቭ ሕክምና እውነተኛ ውለታ የዋለ ሰው፣ ከውሻና ከጊኒ አሳማ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ «ጉልበቴ ተመለሰ» ብሎ ለባልደረቦቹ አወጀ። ወዲያው ብዙዎች ተከተሉት፣ ገበያው ደራ። እሱ በ1894 ሞተ። ያ ፈሳሽ ሊሠራ የሚችል ሆርሞን እንዳልነበረው ኋላ ታወቀ። ከእሱ በኋላ ቮሮኖፍ የሚባል ሐኪም መጥቶ በ1920ዎቹ የዝንጀሮ ዕጢ ቁራጭ ለሀብታም ሽማግሌዎች ሲተክል ነበር። ዛሬ በፋርማሲ መስኮት «ፀረ እርጅና» የሚል ማስታወቂያ ሳይ የሚታየኝ ያ ዝንጀሮ ነው።

«እገሌ በሚባለው ደሴት 100 ዓመት የሚኖሩ ሰዎች ይህን ይበላሉ» የሚለውንም ወሬ በጥንቃቄ ያዙት። በ2010 ጃፓን መዝገቧን ስትፈትሽ ዕድሜያቸው ከ100 በላይ ተብለው የተመዘገቡ ከ230,000 የሚበልጡ ሰዎች የት እንዳሉ አልታወቀም፤ ብዙዎቹ ድሮ የሞቱ፣ ሞታቸው ያልተመዘገበ ነበሩ። በጃፓን እንዲህ ከሆነ፣ አያቶቹ «ጣልያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» እያሉ ዕድሜያቸውን በሚቆጥሩበት አገር ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

እሺ፣ ታዲያ በሰው ላይ የተረጋገጠ ምን አለ? አለ። ለዚህ ነው የተናደድኩት።

ሃይቬት የሚባለው ጥናት 3,845 ሰዎችን አሳተፈ፤ ሁሉም 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ግፊታቸው የጨመረ ነበሩ። ያን ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው «በዚህ ዕድሜ ግፊት ማከም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም» ብለው ይከራከሩ ነበር። ግማሾቹ እውነተኛ የግፊት ኪኒን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ ምክንያቱም ኪኒኑን በወሰዱት ላይ ሞት በ21 በመቶ፣ የልብ ድካም በ64 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ሌሎቹን ያለ መድኃኒት ማቆየት ነውር ሆነ። ውጤቱ የታተመው በ2008 ነው። 80 ዓመት ላይ ጀምረው! በዚያ ላይ ግባቸው 150 በ80 ነበር፤ ኃይለኛ ሕክምና እንኳ አልነበረም።

በ2015 የወጣው ስፕሪንት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፣ ስኳር የሌለባቸው ከ9,300 በላይ ሰዎችን አየ። የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ከ140 በታች ለማድረስ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ ሞት በ27 በመቶ ቀነሰ። ቀላል የማስታወስ ችግርም በ19 በመቶ አነሰ። ሐቁን ለመናገር የመርሳት በሽታ ራሱ መቀነሱ በዚያ ጥናት አልተረጋገጠም፤ ዝቅ ብሎ በታከመው ወገን ራስን መሳትና የኩላሊት መጎዳትም በዝቶ ታይቷል። ስለዚህ ግቡ ለእያንዳንዱ ሰው በሐኪሙ ይወሰናል። ሲነሱ የሚያዞራቸው አዛውንት ቁጭ ብለውም ቆመውም መለካት አለባቸው። ግን ልብ በሉ፦ ጉዳቱን እንኳ በቁጥር የምነግራችሁ ስለተፈተነ ነው። የእነዚያን ስድስት ጠርሙሶች ጉዳት ማን ቆጠረው?

ግፊት የሚያደርገው ነገር እኮ እርጅናን ማፋጠን ነው። ከአቅሙ በላይ ሲገፋበት የደም ሥር ግድግዳ ይደነድናል። ትንንሾቹ የአንጎል ደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ የኩላሊት ማጣሪያዎች ይጠባሉ፣ የልብ ጡንቻ ይወፍርና ይደክማል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም፤ ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። «አያመኝም እኮ» ያሉኝ እናት እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ ግፊት ካለባቸው 5 ሰዎች 4ቱ በቂ ሕክምና አያገኙም፤ ግማሽ ያህሉም እንዳለባቸው አያውቁም። እኛ ግን «እርጅናን የሚያቆመው መድኃኒት መቼ ይመጣ ይሆን?» እያልን እንጠብቃለን።

ሲጋራም አለ። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ የእንግሊዝ ሐኪሞችን 50 ዓመት ተከታትለው ያገኙት፣ አጫሹ በአማካይ 10 ዓመት ቀድሞ እንደሚሞት ነው። በ60 ዓመቱ ያቆመ እንኳ 3 ዓመት ያተርፋል፣ በ50 ያቆመ 6። «ካረጀሁ በኋላ ብተወው ምን ያደርግልኛል?» ለሚሉ አባቶች መልሱ ይኸው ነው።

በጣም የምወደው ጥናት ግን የቦስተኑ ነው። በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔ የተባለች ሐኪም በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ 10 ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በክብደት የእግር ጡንቻ አሠራች። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ1994 ደግሞ በ100 ሰዎች ላይ ደገመችው፤ ስፖርት ከሠሩትና ካልሠሩት እኩል ለግማሾቹ ገንቢ መጠጥ ጨመረችላቸው። ጉልበት የመጣው ከስፖርቱ ነው። መጠጡ ብቻውን ምንም አላደረገም። ይህ የሆነ 30 ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ዛሬም አያታችን ከወንበር ሊነሱ ሲሉ «ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብለን እንሯሯጣለን። በፍቅር ነው፤ ግን በፍቅር እግራቸውን እያሰርን ነው። ከወንበር ሳይደገፉ ተነስቶ መቀመጥ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ደረጃ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ድረስ በእግር መሄድ ለእግራቸው ይበቃል። (የወደቁ ወይም የሚያዞራቸው ከሆኑ ሰው አጠገባቸው ይቁም።)

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ምክንያቱም «እርጅና ነው» የሚለውን ቃል ሕዝቡ የተማረው ከእኛ ከሐኪሞች ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ የ76 ዓመት አባት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ከወር ወዲህ ግራ ይጋባሉ፣ ቀን ቀን ይተኛሉ፣ አካሄዳቸው ተንጋዷል። ወረፋው እስከ በር ነበር። «ዕድሜ ነው፣ እንክብካቤ አድርጉላቸው» ብዬ ቫይታሚን ጽፌ ሸኘኋቸው። አዎ፣ ቫይታሚን! ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሐኪም እኔ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቃቸው፦ «ራሳቸውን ተመትተው ያውቃሉ?» ከሦስት ወር በፊት የበር ጉበን መትቷቸው ነበር። ሲቲ ስካን ሲነሱ በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን ይጫናል። ቀዶ ሐኪሞቹ ቀዳዳ አበጅተው አፈሰሱት። በሳምንቱ ሳያቸው የልጅ ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠሩ ነበር። እኔን ግን አላስታወሱኝም፤ ደግነቱ።

ከዚያ ወዲህ «እርጅና ነው» ከሚለው ቃል ኋላ ተደብቀው ያገኘኋቸው ብዙ ናቸው። የታይሮይድ መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ የቢ12 እጥረት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልጠየቃት እናት ድብርት፣ ለእንቅልፍ ተብሎ ለዓመታት የተዋጠ ኪኒን፣ የፕሮስቴት ማበጥ። መስማት ያቃታቸውን ሰው «ጃጁ» ማለትማ የተለመደ ነው። በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ የመርሳት በሽታ ሸክም 45 በመቶ ያህሉ ሊቀየሩ ከሚችሉ 14 ነገሮች ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። የመስማት ችግር፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ብቸኝነት ሁሉም ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በዚህ ተሰናክሏል። አዲሱን የበሽታዎች መዝገብ ሲያዘጋጅ «የዕድሜ መግፋት» የሚል መለያ አስገብቶ ነበር። የአረጋውያን ጤና ባለሙያዎችና ተሟጋቾች «ይህን ከጻፋችሁ ሐኪሙ ምክንያቱን መፈለግ ያቆማል» ብለው ተቃወሙ። መዝገቡ በ2022 ሥራ ላይ ሲውል ቃሉ ተነስቶ «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የውስጣዊ አቅም መቀነስ» በሚል ተተክቷል።

ስለዚህ ወላጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሐኪሙ «እርጅና ነው» ካላችሁ፣ በትሕትና «አምና ያልነበረ ነገር ነው ዶክተር፣ ዘንድሮ ምን መጣ?» በሉት። በአንድ ዓመት ማንም በድንገት አያረጅም። እኔን ያን ቀን እንዲህ ያለኝ ቢኖር ኖሮ!

ሁልጊዜ የሚነሱብኝን ሦስት ነገሮች ልመልስ። «ኪኒን ኩላሊት ይጎዳል» ለሚሉ፦ ኩላሊት የሚጎዳው ያልታከመ ግፊት ነው። ኩላሊት እጥበት ክፍል ገብታችሁ ታካሚዎቹን ጠይቋቸው፤ ስንቶቹ ግፊት ወይም ስኳር እንደነበራቸው ይነግሯችኋል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉት ሲጀመሩ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለጉልበት ሕመም ከሱቅ እየተገዛ በየቀኑ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ከእነሱ ይልቅ ያስፈራኛል፤ እሱን የሚፈራ ሰው ግን አላየሁም።

«ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይበቃኛል» ለሚሉ፦ ወጡ ውስጥ ይግቡ፣ ይጣፍጣሉ። 192ን ግን አያወርዱም። ከምግብ የሚረዳው ጨው መቀነስ ነው፤ ለቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ።

«ዕድሜ የፈጣሪ ነው» ለሚሉ አባቶችና እናቶች፦ አሜን። እኔም እንደዚያው አምናለሁ። የማወራው ግን ስለ መሞቻው ቀን ብቻ አይደለም። በስትሮክ ግማሽ አካላቸው ደርቆ፣ ንግግር ተስኗቸው አምስት ዓመት ፍራሽ ላይ የተኙ አባት፣ እሳቸውን የምታገላብጥ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ፣ ይህን ነው መከላከል የምፈልገው። በ1990 የኢትዮጵያ አማካይ ዕድሜ 50 ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ይህን ያመጣው ክትባት፣ አጎበር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። አሁን ብዙዎቻችን ለግፊትና ለስኳር ዕድሜ እየደረስን ነው። ሆኖም በየጤና ጣቢያው የግፊት መድኃኒት አንድ ወር ይገኛል፣ አንድ ወር «አልቋል» ይባላል። ታካሚ ኪኒኑን ሲያቋርጥ እንቆጣዋለን፤ የምናቋርጥበት ግን አንዳንዴ እኛው ነን። ይህም መነገር አለበት።

ውጭ ላላችሁ ልጆች። ገንዘባችሁ የላብ ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። በዚያ በስድስቱ ጠርሙስ ዋጋ ክንድ ላይ የሚታሰር ጥሩ የግፊት መለኪያ ይገዛል፤ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። ስትደውሉም «እማዬ ደህና ነሽ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ እናት «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? «ዛሬ ስንት ሆነ?» በሉ። ከቡና ግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሽንት ተሸንተው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ በባዶ ክንድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ። ቤት ውስጥ በተለያየ ቀን ተለክቶ ከ135 በ85 በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። ይህን አንብባችሁ ግን በራሳችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፣ የጀመራችሁትንም አታቁሙ።

እናታችን ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በሁለት ኪኒን 138 በ82 ሆነዋል። ለካስ አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ኖሯል፤ ሌሊት የወደቁትም ደረጃው ስላልታያቸው ነው። ለቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላቸዋል። መርሳታቸው ገና እየታየ ነው፣ ስለሱ አሁን ምንም አልምልም። ልጅቷ በስልኩ መስኮት አብራን ነበረች። «ዶክተር፣ አሁንስ ምን ልላክላት?» አለችኝ።

እማማ ቀደሙኝ። «ባትሪ» አሏት። «የመለኪያው ባትሪ ቶሎ ያልቃል።»